ዌብሁክ፦ ጥሪ መቀበያ

«ዌብሁክ» የሚለውን ስያሜ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጄፍ ሊንድሴ የተባለ ፕሮግራመር ነው። «የድር መንጠቆ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን ምንም አይነግረውም። «ጥሪ መቀበያ» ብንለው ሥራውን ይናገራል።

ላራቬል በተባለው የፒኤችፒ ፍሬምወርክ ለተሠራ የሱቅ ድረ ገጽ የቴሌግራም ቦት መጨመር ፈለግን እንበል። ቦትማን የተባለውን የፒኤችፒ ላይብረሪ ከነቴሌግራም ድራይቨሩ በኮምፖዘር እንጭናለን። ደንበኛው «ዋጋ» ብሎ ሲጽፍ ግን መልእክቱ የሚያርፈው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፤ እኛ ጋ አይደለም። ድረ ገጻችን «አዲስ ነገር አለ ወይ?» እያለ ደጋግሞ ሊጠይቅ ይችላል፤ አብዛኛው ጥያቄ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ጥሪ መቀበያ ይህን ይገለብጠዋል። አንድ የኤችቲቲፒኤስ አድራሻ አስቀድመን እናስመዘግባለን፤ መልእክት በመጣ ቁጥር ቴሌግራም ራሱ ወደዚያ ይልከዋል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ተስተካክሎ ቦቱ ዝም ይላል፤ ሎጉ ሲታይ 419 የሚል ቁጥር ተደርድሯል። ላራቬል ከፎርምም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚላክለትን መረጃ ሁሉ ራሱ የሰጠውን ቶከን ይጠይቃል፤ ቴሌግራም ደግሞ ያንን ቶከን ከየትም አያመጣም። መፍትሔው ያቺን አንድ አድራሻ ብቻ ከፍተሻው ነጻ ማድረግ ነው። ፍተሻውን ጨርሶ ማጥፋትን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ደንበኞች የሚሞሉት ፎርም ሁሉ ለጥቃት ይጋለጣል። ነጻ የወጣችው አድራሻም ያለ ጠባቂ አትቅር፦ ስናስመዘግባት ምስጢራዊ ቁልፍ ከሰጠን፣ ቴሌግራም በየጥሪው ሄደር ላይ ያንኑ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። ቁልፉን ያልያዘ ጥሪ እንዳይስተናገድ ኮዳችን ያጣራል።

ሌላው፣ እያንዳንዱ ጥሪ ለብቻው የሚመጣ በመሆኑ ቦትማን ከላራቬል ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ጋር ካልተያያዘ ስም ጠይቆ መልሱ ሲመጣ ጥያቄውን ረስቶታል።

ለአማርኛ ቦት ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለ። «ሰላም»ን እንዲሰማ የታዘዘ ቦት «ሠላም» ተብሎ ሲጻፍለት አይመልስም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሰዓት» እና «ሰአት»ም እንደዚያው። ሁሉንም አጻጻፍ በየትእዛዙ ከመደርደር ይልቅ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ አጭር ሚድልዌር ጽፎ መልእክቱን በዚያ በኩል ማሳለፍ ይሻላል።