ሹራብ የብርድ አገር ጥበብ ነው ያለው ማነው? ከፉስጣጥ የጥጥ ካልሲ እስከ ዛሬው የሙቀት ጊዜ ሹራብ



ሹራብ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣብን ብርድ ነው። የሐምሌ ጭጋግ፣ ወፍራም የበግ ፀጉር ክር፣ አንገት ድረስ የሚሸፍን ልብስ። ስለዚህ ድሬዳዋ ወይም ጅዳ ያለች እህት «ለሙቀት የሚሆን ሹራብ ልሠራ ነው» ብትል የሚስቅባት አይጠፋም። ጥበቡንም ከአውሮፓ የመጣ የፈረንጅ ሴቶች ሥራ አድርገን የያዝነው ጥቂት አይደለንም።

ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ዛሬ በምናውቀው መንገድ ከተሠሩና እስከኛ ዘመን ከደረሱ ሹራቦች ውስጥ እጅግ የቆዩት የተገኙት በሞቃታማዋ ግብፅ ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት በጥጥ ነው። ዘመኑም ግብፅ በሙስሊም ሥርወ መንግሥታት ሥር የነበረችበት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ታሪክ እናያለን፤ ቀጥለንም ለሙቀት የሚሆን ሹራብ ሲሠራ ንድፉን፣ ክሩንና ልኩን እንዴት እንደምንመርጥ ከታሪኩ እንማራለን።

*ቃሉ ራሱ ምን ይለናል?*

በአማርኛ ካልሲን «የእግር ሹራብ» እንለዋለን። የግብፅና የሱዳን ሰዎች ደግሞ ካልሲን «ሸራብ» ወይም «ሹራብ» ይሉታል። በመደበኛው ዐረብኛ «ጀውረብ» ነው፤ የውዱእን ትምህርት የተማረ ሁሉ በጀውረብ ላይ ስለ ማበስ ሲነገር ሰምቶታል። ቱርኮች «ቾራፕ» ይሉታል። የጥጥም ስም እንዲሁ ተጉዟል፤ ከዐረብኛው «ቁጥን» የስፔኑ «አልጎዶን»፣ የጣልያኑ «ኮቶኔ»፣ የእንግሊዙ «ኮተን» ወጥተዋል። ዕቃው ሲጓዝ ስሙንም ይዞ ይጓዛል። የእነዚህ ስሞች መንገድ ከዐረቡ ዓለም ወደ ሰሜን ነው።

*ሽመናና ሹራብ ምን ይለያቸዋል?*

አገራችን የሽመና አገር ናት። የአርጎባን ሸማኔዎች የማያውቅ የለም። ሸማኔ ድርን ዘርግቶ ማጉን በመካከሉ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጨርቁ ብዙም አይለጠጥም። ሹራብ ግን ከአንድ ልቃቂት የሚመጣ አንድ ክር ነው። ክሩ ቀለበት እየሆነ፣ አንዱ ቀለበት በሌላው ውስጥ እያለፈ፣ ረድፍ በረድፍ ያድጋል። ሹራብ እንደ ሰውነት የሚታጠፈውና የሚለጠጠው በነዚህ ቀለበቶች ምክንያት ነው። ካልሲ የሹራብ የመጀመሪያ ሥራ ከሆኑት አንዱ መሆኑም አይደንቅም፤ የተሸመነ ጨርቅ በተረከዝ ላይ ይጨማደዳል፣ ሹራብ ግን ተረከዙን አቅፎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም አውራ ጣቱ የተለየ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ። የተገኘው በግብፅ፣ ዛሬ አል-በህነሳ በምትባለው ቦታ ሲሆን ዕድሜው ከ250 እስከ 420 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ይገመታል። ብዙ ሰው ሹራብ ይለዋል፤ ነገር ግን የተሠራው በአንድ ቀዳዳ መርፌና በአጫጭር ክሮች ነው። ሠሪው በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ክሩን ሙሉ በሙሉ ስቦ ማሳለፍ ነበረበት። ሹራብ ግን በሁለትና ከዚያ በላይ መርፌዎች፣ ክሩ ሳይቆረጥ ከልቃቂቱ እየተሳበ ይሠራል። ሥራው ይፈጥናል፣ ሲበላሽም በቀላሉ ይፈታል።

*ፉስጣጥ፦ ቆሻሻ ክምር ውስጥ የተረፈ ታሪክ*

ፉስጣጥ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረዲየላሁ ዐንሁ) በ641 እ.ኤ.አ. ገደማ የቆረቆሯት የግብፅ የመጀመሪያዋ የሙስሊሞች ከተማ ናት። በ564 ሂጅራ ወይም በ1168 እ.ኤ.አ. የመስቀል ጦረኞች ሲቃረቡ ከተማዋ እጃቸው እንዳትገባ በሚል በወዚሩ ሻወር ትእዛዝ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ሰፊው ፍርስራሽ የካይሮ ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ደረቁ አሸዋ ግን ሌላ ቦታ በስብሶ የሚጠፋውን ጨርቅ ጠበቀው። ግብፃዊው ሊቅ ዐሊ በህጀት በ1912 ቦታውን በሥርዓት ማስቆፈር ጀመሩ። ከፉስጣጥና ከሌሎች የግብፅ ቦታዎች የወጡ ብዙ ቁራጭ ጨርቆች ግን የት እንደተገኙ ሳይመዘገብ በነጋዴ እጅ አልፈው ወደ ዓለም ሙዚየሞች ገብተዋል። ለዚህም ነው ዕድሜያቸው በክፍለ ዘመን እንጂ በዓመት የማይነገረው።

ከነዚህ መካከል ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. እንደተሠሩ የሚገመቱ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። ይህ ከፋጢሚዮች እስከ መምሉኮች ያለው ዘመን ነው። ነጩ ያልተነከረ ጥጥ ነው፤ ሰማያዊው ኢንዲጎ በሚባለው የቅጠል ቀለም የተነከረ ነው። ሠሪው ከእግር ጣት ጀምሮ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ተረከዙ መጨረሻ ላይ የገባባቸው ሥራዎችም አሉ፤ ተረከዝ ቶሎ ስለሚያልቅ ይህ አሠራር ለመቀየር ይመቻል።

በአንዳንዶቹ ላይ በኩፊ አጻጻፍ «አላህ» የሚለውን ቃል የሚመስል ቅርጽ ተደጋግሞ ይታያል። «የአላህ ስም በካልሲ ላይ?» ብሎ የሚደነግጥ አንባቢ ትክክል ነው። ተመራማሪዎችም በዚህ አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ፊደል መሰል ጌጥ እንጂ ለመነበብ የተጻፈ ቃል አይደለም ይላሉ። የማያከራክረው የሠሪው ችሎታ ነው። ሁለት ቀለም ክር ይዞ፣ ቀለበት እየቆጠረ፣ በጠባብ የእግር ልክ ውስጥ ቅርጹን ሳይዛነፍ መድገም የጀማሪ ሥራ አይደለም። ከነዚህ ካልሲዎች በፊት ብዙ ዘመን የተሠራበት ሙያ እንደነበረ ሥራው ራሱ ይመሰክራል።

*«በረካ» በልዑሉ ትራስ ላይ*

ከግብፅ ወደ ምዕራብ እንሻገር። በሰሜን ስፔን ቡርጎስ ከተማ አጠገብ ላስ ኡዌልጋስ የሚባል ገዳም አለ፤ የካስቲል ነገሥታት ቤተሰብ የሚቀበርበት ነበር። የንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ ልጅ ልዑል ፈርናንዶ ደ ላ ሴርዳ በ1275 እ.ኤ.አ. ሞቶ እዚያ ተቀበረ። መቃብሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲከፈት ከሐር ክር የተሠራ የሹራብ ትራስ ልብስ ተገኘ። የክርስቲያን ልዑል ትራስ ነው፤ በጠርዙ ዙሪያ ግን በኩፊ ፊደል «በረካ» የሚል ተሠርቶበታል። ሠሪዎቹ ለቤተ መንግሥቱ የሚሠሩ ሙስሊም ባለሙያዎች እንደነበሩ ይታመናል። የሥራው ርቀት ይገርማል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በግምት 80 ቀለበት አለው። ዛሬ የሚሠራ ተራ የሙቀት ጊዜ ሹራብ ከ22 እስከ 28 ቀለበት ነው ያለው።

አውሮፓ ጥበቡን በሱፍ አስፋፋው። በ1589 ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ የሹራብ ማሽን ፈለሰፈ። የዛሬው ቲሸርት የዚያ ማሽን የልጅ ልጅ ነው። የለበሳችሁትን የጥጥ ቲሸርት ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ትንንሽ ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው ታያላችሁ። አዎ፣ ቲሸርት ሹራብ ነው! ለሙቀት የጥጥ ሹራብ መልበስ እንግዳ ነገር የመሰለን፣ በየቀኑ እየለበስነው ስሙን ስለረሳነው ነው።

*ከታሪኩ ወደ መርፌው*

አሁን ወደ ዛሬ እንምጣ። በየከተማው ሹራብና ኪሮሽ የሚሠሩ፣ ከዚያም ገቢ የሚያገኙ ብዙ እህቶች አሉን። ንድፍ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፣ ክር ይገዛሉ፣ ሳምንታት ይደክማሉ፤ በመጨረሻ ልብሱ ወይ ጉልበት ድረስ ይወርዳል ወይ በትከሻ አልገባ ይላል። የሚባክነው ገንዘብም ጊዜም ነው። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ደግሞ ከመጀመሪያው ምርጫ ነው።

አንደኛ፣ ክር። የግብፅ ባለሙያዎች ጥጥን የመረጡት በከንቱ አይደለም። ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ሰውነትን አያፍንም። ሊነን፣ ማለትም ከተልባ ተክል ግንድ የሚወጣው ክር፣ ከጥጥም ይቀዘቅዛል፤ መጀመሪያ ይሻክራል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። በሱቆቻችን የሚበዛው አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ ላብ ግን አይመጥም። ክሩ መለያ ወረቀት ከሌለው ትንሽ ቁራጭ በብረት ሳሕን ላይ በጥንቃቄ ለኩሱ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ አክሪሊክ ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ለሙቀት ቀጭን ክር ይሻላል። ጥጥ ከሱፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ በእኩል ግራም የሚገኘው የጥጥ ክር በርዝመት ያንሳል። ንድፉ በሱፍ ከተሠራና እናንተ በጥጥ ከቀየራችሁት የምትገዙትን በግራም ሳይሆን በሜትር አስሉ። ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የቀለም ቁጥር ግዙ። ሰማያዊና ነጭ የምታጣምሩ ከሆነም ቀለሙ እንዳይለቅ አስቀድማችሁ እጠቡት።

ሁለተኛ፣ ናሙና። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሥሩ፣ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ መሀሉን ለኩ። ለምን? ሒሳቡን እዩት። ንድፉ በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት ይላል እንበል፤ የደረት ዙሪያው 100 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን 220 ቀለበት ያስፈልጋል። የእናንተ እጅ ላልቶ 20 ቀለበት ብቻ ቢወጣ፣ ያው 220 ቀለበት 110 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጃችሁ ጠብቆ 24 ቢወጣ ደግሞ ወደ 92 ይወርዳል። የሁለት ቀለበት ልዩነት ልብሱን የሌላ ሰው ያደርገዋል! ቀለበቱ ካነሰ ቀጠን ያለ መርፌ፣ ከበዛ ወፈር ያለ መርፌ ውሰዱ። ናሙናውንም በመቆንጠጫ አንጠልጥላችሁ አሳድሩት፤ ጥጥ በክብደቱ ወደ ታች ምን ያህል እንደሚረዝም ከዚያ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ ልክ። «ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ» በሚሉ ፊደላት አትመኑ፤ በየአገሩ ይለያያሉ። ንድፉ የሚሰጠው ቁጥር የሰውነት ልክ ነው ወይስ ያለቀው ልብስ ልክ? መጀመሪያ ይህን ለዩ። የደረት ዙሪያችሁን ለክታችሁ ለሙቀት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ አየር እንዲገባ። ቅርጽ የማያሳይ ሰፊ ልብስ የምትፈልግ እህት ከ15 እስከ 20 ብትጨምር ይሻላል። ቀላሉ መንገድ የምትወዱትን ልብስ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ወርዱን ለክቶ በሁለት ማባዛት ነው። በቁመት ግን ጥጥ የሚረዝመውን ያህል ቀንሱ።

አራተኛ፣ የንድፉ ቅርጽ። ከአንገት ጀምሮ እየዞረ የሚወርድ ንድፍ እየሠራችሁ እንድትለኩት ይፈቅዳል፤ ልክ እንደ ፉስጣጡ ካልሲ ያለ ስፌት ዙሪያውን ይሄዳል። ፊትና ኋላው ተለይቶ ተሠርቶ የሚሰፋ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፤ የትከሻና የጎን ስፌቱ ከባዱን ጥጥ ይይዘዋል፣ ልብሱም ቶሎ አይለጠጥም። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሥራ ያቀዘቅዛል፣ ከሥር ግን ሌላ ልብስ ይፈልጋል፤ ያኔ ቅዝቃዜው ይቀራል። ስለዚህ ደረትና ትከሻው ድፍን፣ የእጅጌውና የታችኛው ጠርዝ ብቻ ቀዳዳ ያለው ንድፍ መምረጥ መካከለኛው መንገድ ነው።

*የሠሪዎቹ ስም*

ያንን የሐር ትራስ ያሸበረቀው ማን ነበር? ሰማያዊና ነጩን ካልሲ የሠራውስ? አንዱም ስሙን አልጻፈም። የተቀባሪው ልዑል ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ የባለሙያዎቹ የቀረው እጃቸው ብቻ ነው። ያ እጅ ግን ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል፤ ቀለበቱ ስለተቆጠረ፣ ልኩ ስለተጠበቀ፣ ክሩ በዕውቀት ስለተመረጠ።

እንግዲህ መርፌና ክር የያዛችሁ እህቶችና ወንድሞች (አዎ፣ ወንድሞችም!)፣ የያዛችሁት የተዋሳችሁትን የሰው ሙያ አይደለም። የፉስጣጥና የአንደሉስ ባለሙያዎች የሠሩበት የቆየ ጥበብ ነው። ለቀጣዩ ሙቀት ልብስ ስታስቡ ከ15 ሳንቲ ሜትር ናሙና ጀምሩ። ሹራብ የሚሠራ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ክር ሳይገዛ በፊት አድርሱለት።

ወላሁ አዕለም።