ዳንኤል ሳንፎርድ እና የሙሎ እርሻ

ብርጋዴየር ዳንኤል አርተር ሳንፎርድ (1874–1964 ዓ.ም.) እንግሊዛዊ የጦር መኮንን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ እና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሙሎ ላይ መሬት ይዘው የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ስማቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአርበኞች ዘመን ጋር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ደጋግሞ የመለሳቸው ግን እርሻቸው ነበር።

የተወለዱት በእንግሊዝ ዴቨን ከቀሳውስት ቤተሰብ ሲሆን፣ ገና በወጣትነታቸው የመድፈኛ ጦር መኮንን ሆኑ። ኢትዮጵያን መጀመሪያ ያዩት ዐፄ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ፣ ከኤደን ተሻግረው በመጡ ጊዜ ነው። ከዚያ በሱዳን መንግሥት፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን አገለገሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ውስጥ ተዋግተው የጀግንነት ሜዳይ አገኙ፤ በ1910 ዓ.ም. ክርስቲን ሉሽን አገቡ። ጦርነቱ ሲያበቃ አቢሲኒያን ኮርፖሬሽን የተባለ የንግድ ኩባንያ ሥራ ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ኩባንያው ብዙም አልቆየም፤ ባልና ሚስቱ ግን አገር ቤት ከመመለስ ይልቅ ወደ መሬቱ ዞሩ።

ሙሎ ከሱሉልታ ሜዳ ባሻገር፣ ደጋው ወደ ሙገር ሸለቆ ከሚቆረጥበት ገደል አፋፍ አጠገብ ያለ አገር ነው። ሜዳው በክረምት ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፤ ጠዋት ጉም ከሸለቆው ሲወጣ ከብቱ ከሰው ቀድሞ ይሰወራል። ከዋና ከተማው በበቅሎ የሚደረስበት ቦታ በመሆኑ ለአንድ የውጭ አገር ገበሬ ከቤተ መንግሥቱም ከገበያውም ሳይርቅ የመኖር ዕድል ሰጥቷል።

እዚህ ላይ ሳንፎርድን ከጎረቤት ኬንያ ሰፋሪዎች ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሎርድ ዴላሜር በ1903 እ.ኤ.አ. ንጆሮ ላይ 100,000 ኤከር፣ በእኛ ልክ 1,000 ጋሻ ገደማ፣ ለ99 ዓመት በኪራይ ሲይዝ ሰጪው የራሱ አገር አስተዳደር ነበር። ጦሩም ፍርድ ቤቱም ከጀርባው ነበሩ። ሳንፎርድ ግን ቅኝ ግዛት በሌለበት አገር የሰፈሩ ሰው ናቸው። የሸዋ መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ የሚቆጠር፣ ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በየደረጃው ግብር የሚጣልበት ነበር። አንድ ጋሻ በአማካይ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መስጠትና መንሣት የዙፋኑ ሥልጣን ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 390 የውጭ አገር ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው የሚችለው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ብቻ መሆኑን ደነገገ። ስለዚህ የሙሎን ይዞታ ያቆመው የንጉሡ ወዳጅነት ነበር ቢባል አይበዛበትም።

ያው መሬት ሰጪ የንጉሡ እጅ ወደ ደቡብም ተዘርግቷል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የጥቁር ሕዝቦች ምስጋና እንዲሆን ከሐዋሳ ብዙ በማይርቀው ሻሸመኔ 5 ጋሻ መሬት ለኢትዮጵያን ወርልድ ፌደሬሽን አባላት በ1940 ዓ.ም. ተመደበ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐዋሳ በሐይቁ ዳር ስትቆረቆርም ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው ሰፍረዋል፤ የስጦታው ዋጋ የወደቀው ግን ቀድሞ ከብቱን በሐይቁ ዙሪያ ያሰማራ በነበረው የሲዳማ ሕዝብ ላይ ነው። ንጉሣዊ ስጦታ ሲወሳ ይህ ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ወደ ሳንፎርድ ታሪክ ስንመለስ፣ በ1927 ዓ.ም. የማጂ አገረ ገዥ አማካሪ ሆነው ተሾሙ። ወረራው ሲመጣ ቤተሰቡ እርሻውን ትቶ እንግሊዝ ገባ፤ እሳቸውም የጊልድፎርድ ካቴድራል ገንዘብ ያዥ ሆኑ። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌቭል ከዚያ አንሥቶ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ጠራቸው። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ በ58 ዓመታቸው፣ ሚሽን 101 የተባለውን ትንሽ ቡድን መርተው ከሱዳን ወደ ጎጃም ተሻገሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረዋቸው ነበሩ። በበቅሎ እየተጓዙና በማርያ ቴሬዛ ብር እየከፈሉ እርስ በርስ የተቃቃሩትን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አስማምተው በአንድ ዓላማ ማሰለፋቸው ከተኮሱት ጥይት ሁሉ ይበልጣል። እንግሊዛዊው ሻለቃ ዊንጌት ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሰከላ አጠገብ አርፎ አገኛቸው። አርበኞቹ እንዴት ይታጠቁ በሚለው ግን ሁለቱ አልተስማሙም፤ ዊንጌት አሠልጥኖ መላክን፣ ሳንፎርድ ጠመንጃ ማደልን ይመርጡ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ከነፃነት በኋላ ሳንፎርድ የአገር ግዛት ሚኒስቴር አማካሪ፣ በኋላም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ። ክርስቲን በበኩላቸው ስለ ንጉሠ ነገሥቱና ስለ መንግሥታቸው ሁለት መጻሕፍት ጻፉ፤ ቤታቸው ውስጥ በጥቂት ልጆች የጀመሩት ትምህርት ዛሬም ሳንፎርድ ትምህርት ቤት በሚል ስም ቀጥሏል። ከሹመት በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ሙሎ ተመለሱ።

ሳንፎርድ ያረፉት ጥር 1964 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ሊያርሰው የሚችለው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በቅጥር ጉልበት ማረስንም፣ መሬት መሸጥና ማከራየትንም ከለከለ። አዋጁ በሰላሌ ባለርስት፣ በሻሸመኔ ሰፋሪና በሙሎ እንግሊዛዊ ቤተሰብ መካከል ልዩነት አላደረገም።