ኦራ፦ የማይግሬን ዋዜማ

ጋዜጣ እያነበቡ ነው እንበል። ከመስመሩ መሀል አንድ ፊደል ይጠፋል። ዓይንዎን ቢያሹም አይመለስም። ጥቂት ቆይቶ በጠፋው ቦታ ዙሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ ግማሽ ክብ ሠርቶ ወደ ዳር እየሰፋ ይሄድና በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ከእይታ ይወጣል።

ብዙ ሰው «ዓይኔን አጭበረበረኝ» ብሎ ያልፈዋል፤ መነጽር ሊያሠራ የሚሄድም አለ። ሐኪሞች «ኦራ» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታቱ ተከትሎት ስለሚመጣ «የማይግሬን ዋዜማ» ብንለው ያስኬዳል። በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ግን ዋዜማው ደርሶ በዓሉ የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ችግሩ ከዓይን ሳይሆን ከኋለኛው የአንጎል ክፍል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካርል ላሽሊ የራሱን ኦራ እየሣለ ተከታትሎ፣ በአንጎሉ ላይ የሚጓዘው ነገር በደቂቃ ወደ 3 ሚሊ ሜትር እንደሚራመድ በ1941 አሰላ። በ1944 ደግሞ ብራዚላዊው አሪስቲደስ ሌያው በጥንቸል አንጎል ላይ ቀስ እያለ የሚዛመት የነርቭ ዝምታ ማየቱን ጻፈ። የሁለቱ ነገር አንድ ሊሆን እንደሚችል የተስተዋለው ከዓመታት በኋላ ነው።

ኦራን ከደም ሥር መዘጋት የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ቀስ ማለቱ ነው። ኦራ የሚያመጣው መደንዘዝም ቢሆን ከጣት ተነሥቶ ወደ ክንድ፣ ከዚያ ወደ ከንፈር በደቂቃዎች ይወጣል። የደም ሥር ሲዘጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብልጭታ የለም፤ በቅጽበት ይጨልማል፣ ወይም እጅ ይዝላል። ብዙ ጊዜ ከአንገት ደም ሥር ወይም ከልብ የተነሣ የረጋ ደም ያመጣዋል። በአገራችን በልጅነት የሩማቲክ ትኩሳት የልብ ቫልቫቸውን የጎዳባቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉምና «ገና ልጅ ነው» ማለት አያዋጣም። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ደግሞ እንዲህ ያለው ምልክት ስኳርዎ ወርዶ የመጣም ሊሆን ይችላል።

ሲያጋጥምዎ ዓይኖችዎን በየተራ ሸፍነው ይዩ። ኦራ በሁለቱም ዓይን ይታያል፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ ነገሩ ከዚያ ዓይን ወይም ከደም ሥሩ ነው። አንድ ዓይን ድንገት ከጨለመ፣ አፍ ከተሳሰረ ወይም እጅ ከዛለ፣ በአምስት ደቂቃ ቢተውም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። የስትሮክ አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው።