ተመቺ ቆዳ፦ የኪክ ድምፅ የሚወለድበት ፊት

እ.ኤ.አ. በ1966 ቢትልስ «ሪቮልቨር» የተሰኘውን አልበማቸውን በለንደን ሲቀርጹ፣ የ20 ዓመቱ የድምፅ መሐንዲስ ጄፍ ኤመሪክ በባንዱ ድራመር በሪንጎ ስታር ቤዝ ድራም (በእግር በሚመታው፣ ኪክም በሚባለው ትልቅ ድራም) ውስጥ አራት አንገት ያለው የሱፍ ሹራብ ጠቀጠቀበት። ማይክሮፎኑንም ከወትሮው እጅግ አስጠጋው። ከዘፈኑ በስተጀርባ ሲያጉረመርም የኖረው ቤዝ ድራም አጭር፣ ደረቅና ደረት የሚመታ ድምፅ ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤዝ ድራም ውስጥ ትራስና ብርድ ልብስ መክተት የተለመደ ሆነ። ሹራቡ ይሠራው ከነበረው ሥራ አብዛኛው ግን ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ተጠናቆ ይመጣል፤ የሚሠራውም ባተር ሄድ ላይ ነው።

ባተር ሄድ የፔዳሉ መዶሻ የሚያርፍበት የቤዝ ድራሙ ፊት ነው። በአማርኛ «ተመቺ ቆዳ» ቢባል ሥራውን ይገልጸዋል። በወዲያኛው በኩል ወደ ተመልካቹ የዞረው፣ ብዙ ጊዜ የባንዱ ስም የሚጻፍበት፣ ሬዞናንት ሄድ ደግሞ «አስተጋቢ ቆዳ» ይሆናል። ዛሬ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። ቢሆንም ከበሮን በጠፍር ወጥሮ ለኖረ ሕዝብ ያ ፊት ቆዳ ነው፤ ስሙን መለወጥ አያስፈልግም።

እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ነገሩም እውነተኛ ቆዳ ነበር፤ የጥጃ ቆዳ። እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ አየሩ ሲደርቅ ይወጠራል። ከበሮ የሚመታ ሰው ሁሉ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማይላር የተሰኘውን ጠንካራ የፖሊስተር ፊልም ካወጣ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ድራመሩ ቺክ ኢቫንስ በ1956 ከዚህ ፊልም የድራም ቆዳ ሠራ። ሌላው ድራመር ሬሞ ቤሊ በ1957 ኩባንያውን አቋቁሞ ምርቱን «ዌዘር ኪንግ» አለው፤ የአየር ጠባይ ንጉሥ ማለት ነው። ሙዚቀኛው ከዝናብና ከፀሐይ ጋር ከመታገል ተገላገለ።

ፕላስቲኩ ሌላ በርም ከፈተ። ውፍረቱን መለካት፣ መደረብ፣ ጠርዙ ላይ ቀለበት መለጠፍ ተቻለ። የዛሬው የኪክ ቆዳ ምርጫ በአብዛኛው የሚያርፈው በእነዚህ ነገሮች ላይ ነው።

ውፍረት የሚለካው የአንድ ኢንች ሺኛ በሆነው «ሚል» ነው። ባለ 10 ሚል ነጠላ ቆዳ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቶሎ ይነቃል፣ ለቀላል ምትም ይመልሳል፣ ድምፁም ክፍትና ረጅም ነው። ሁለት ባለ 7 ሚል ፊልሞች ሲደራረቡ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፣ በመካከላቸው ያለው ፍትጊያም ቀጭኖቹን ትርፍ ድምፆች ቶሎ ያጠፋል። ድምፁ ያጥራል፣ ይወፍራል፤ ቆዳውም ኃይለኛ እግርን ይችላል። እግሩ ለስላሳ የሆነ ተጫዋች ግን ድርብ ቆዳ ላይ ብዙ ይደክማል።

ትርፍ ድምፅ የሚባለው ከየት ይመጣል? ክብ ቆዳ ሲመታ የሚፈጥራቸው ድምፆች እንደ ክራር ጅማት በሥርዓት የተደረደሩ አይደሉም። ሁለተኛው የንዝረት ዓይነት ከመጀመሪያው 1.59 ያህል እጥፍ፣ ሦስተኛው 2.14 ያህል እጥፍ ነው። እንደ ጅማት ድምፆች የመጀመሪያው ሙሉ እጥፍ አይደሉም። በዝቅተኛው ክልል፣ ከ50 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ የሚፈለገው ጉልበት አለ። በ300 እና በ400 ኸርዝ አካባቢ ካርቶን የተመታ የሚመስለው ድምፅ ይከማቻል። ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ቀለበት የሚያስፈልገው እነዚህን ትርፎች ለማፈን ነው፤ መሐሉን አይነካም፣ ስለዚህ ዝቅተኛው ጉልበት አይጠፋም። ትራስ ግን ሳይመርጥ ያፍናል።

ቀለበቱን አምራቾቹ በየራሳቸው መንገድ ይሠሩታል። የሬሞ ፓወርስትሮክ 3 ከጠርዙ ሥር ስስ የፕላስቲክ ቀለበት አለው። አኳሪያን የተባለው ኩባንያ ሱፐር ኪክ በውስጥ በኩል ከተጠቀጠቀ ሱፍ የተሠራ ቀለበት ይዟል። የኢቫንስ ኢማድ ደግሞ የስፖንጁን ቀለበት በውጭ በኩል አደረገው። ሰፊና ጠባብ ቀለበት አብሮት ስለሚመጣ፣ ተጫዋቹ ቆዳውን ሳይፈታ የማፈኑን መጠን መቀየር ይችላል። አንድ ድራም ይዞ ዛሬ ሆቴል አዳራሽ፣ ነገ ሜዳ ላይ ለሚጫወት ባንድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በ6/8 ፈጥኖ በሚሄደው ቺክቺካም ጅራቱ የረዘመ ኪክ አንዱን ምት ከሌላው ላይ ይደርባል፣ የቤዝ ጊታሩንም መስመር ያደበዝዛል። እዚያ ላይ ባለቀለበቱ ቆዳ ቢመረጥ ይሻላል።

ይህ ማለት ግን ማፈን ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም 26 ኢንች የሆነ ትልቅ ቤዝ ድራም በጥቂቱ ብቻ አፍኖ ይመታ ነበር። በ1971 የወጣው «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ላይ የሚሰማው ግዙፍ ድምፅ የተቀዳው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ ቤት ደረጃ ሥር፣ ማይክሮፎኖች ከላይ ተሰቅለው ነው። ድምፁ ሞልቶ እንዲሰማ ክፍት ቆዳና ሰፊ ቦታ ረድተዋል። ታፍኖ የሞተ ቆዳ ያንን ሊሰጥ አይችልም።

የተመረጠው ቆዳ በደንብ ካልተወጠረ ዋጋው ባከነ። ቆዳውን የሚወጥሩት ብሎኖች ብዙ ጊዜ በአንድ ፊት 8 ወይም 10 ናቸው፤ መጀመሪያ ሁሉም በጣት ብቻ ይጠብቃሉ። ከዚያ መዳፍ ቆዳው መሐል ላይ ተጭኖ ጠርዙ ላይ የሚወጣው ጭምዳዳ ይታያል። ጭምዳዳው ባለበት ያለው ብሎን በቁልፍ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለው። ጎን ለጎን መሄድ ቆዳውን ያንሻፍፈዋል። ጭምዳዳው ልክ ሲጠፋ ዝቅተኛው የኪክ ድምፅ ተገኝቷል፤ ብዙ ሰው ከዚያ አልፎ በማጥበቅ ያንን ጉልበት ያጠፋዋል። አስተጋቢውን ቆዳ ግን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ድምፁን ያጠራዋል። እሱ ላይ ከመሐል ወጣ ብሎ የሚከፈተው 4 ወይም 5 ኢንች ቀዳዳ አየር ያስወጣል፣ ለማይክሮፎንም መግቢያ ይሆናል።

ተመቺ ቆዳ ማለቁን የሚናገረው መዶሻው የሚያርፍበት ቦታ ነው። እዚያ ጎድጎድ ካለ፣ ብሎኑ ቢጠብቅም ድምፁ አይመለስም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምት ቦታው ላይ የምትለጠፍ ክብ መከላከያ ዕድሜውን ታራዝማለች። ጠንካራዋ መከላከያ ከ2 እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ባለው ክልል ጠቅታ ስለምትጨምር ለሮክ ትስማማለች፤ ለስላሳ ምት የሚፈልግ ደግሞ ስሷን ለጥፎ ከሱፍ የተሠራ መዶሻ ይጠቀማል።