ቴስታታና ካምሻፍት መቀየር ያዋጣል ወይ?

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚያገኘው ፒስቶኑ ሲወርድ በመሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚወስነው በቴስታታውና በቫልቮቹ በኩል የሚያልፈው አየር ነው። ቫልቮቹ መቼና ምን ያህል እንደሚከፈቱ የሚወስነው ደግሞ ካምሻፍቱ ነው።

ለምሳሌ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ባለ 1.6 ሊትር ቪቴክ ሞተር ያለ ቱርቦ 160 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ይህ የሚገኘው ግን ሞተሩ በደቂቃ 7,600 ዙር ሲዞር ነው። ለዝግታ ሌላ፣ ለፍጥነት ሌላ ካም የተሠራለትም ለዚህ ነው።

በተራ መኪና ላይ የውድድር ካም ቢገጠም ከላይ ጉልበት ሲጨምር ከታች ይቀንሳል፤ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይም ይሰንፋል። ካሙ ከቫልቭ ሞላዎቹ፣ ከጭስ ማውጫውና ከኮምፒዩተሩ ጋር ካልተስማማ ገንዘቡ ይባክናል። ከዚያም አልፎ ቫልቭና ፒስቶን ተጋጭተው ሞተሩ ሊሰበር ይችላል።

እንግዲህ ለውድድር መኪና ያዋጣል፤ ለሥራና ለቤተሰብ መኪና ግን አያዋጣም። ልጅዎ «ካም ልቀይር» ቢልዎ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ስለ ቴስቱ የመኪና ፈቃድ ቢሮን፣ ስለ ዋስትናውም ኢንሹራንሱን ይጠይቅ። ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ጥገናው ይቅደም።