ከጣና የሄደው ደንገል

በባሌ ደጋ ላይ ጀልባ የሚያስቀዝፍ ሰፊ ውኃ የለም። ሆኖም ወደ ሮቤ ገበያ ገብስ ጭኖ የሚሄድ፣ ከጎባም ተነሥቶ የሳነቴን ሜዳ በፈረስ የሚያቋርጥ ሰው መርከበኞች በመጽሐፍ የሚማሩትን አንድ ነገር ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ከጭነቱ ክብደት ይልቅ አቀማመጡ እንደሚጎዳ። የአንዱ ጎን ከረጢት ከከበደ ጭነቱ ይዞራል፣ ከብቱም ይቆስላል።

ጀልባም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ካጋደለ አፍንጫው ማዕበሉን እየቆፈረ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ካጋደለ ደግሞ ደረቱን ሰቅሎ ውኃውን ይደበድባል። የዘመናችን የሞተር ጀልባ ባለቤት ይህን በነዳጁና በወገቡ ሕመም ይከፍላል። ነገሩን ከሁሉ አጉልቶ ያሳየው ግን ሞተር የሌለው፣ ከጣና ሐይቅ ታጭዶ የሄደ ደንገል ነው።

የጣና ታንኳ ባዶ ሆድ የለውም። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውስጡ በያዘው አየር ስለሆነ ከተቀደደ ይሰጥማል። ታንኳ የሚንሳፈፈው በራሱ በደንገሉ ነው፤ ውኃ በስንጥቁ ይገባል፣ በስንጥቁም ይወጣል። አይሰጥምም፤ ይጠጣል እንጂ። ስለዚህ የታንኳ ጥበብ ባለቤቶች የሆኑት ወይጦዎች ከሥራ በኋላ ከውኃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነበር። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ 15 ሜትር ርዝመት ያላትን «ራ»ን ሠሩለት። በጥንቱ የመቃብር ሥዕል ላይ ከተቆለመመው የጀልባ ጅራት ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ጅራቱ ያለ ገመድ ተቆልምሞ ሲቆም ስላዩ ገመዱን ተዉት። ማንስ ቢሆን አይተወውም ነበርን? ጌጥ ይመስላልና!

«ራ» ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣች። በባሕሩ ላይ የገመዱ ሥራ ታወቀ፤ ጅራቱ እንደ ቀስት ሆኖ የኋላውን ወለል ሽቅብ ይዞ እንዲኖር የሚያደርገው እርሱ ነበር። ገመዱ ስለሌለ የኋላው ወለል ረገበ፣ ማዕበሉም በላዩ ይመላለስበት ጀመር። በዚህ ላይ የጭነቱ ነገር ተጨመረ። መርከበኛ በልማዱ ነፋስ በሚመጣበት ጎን ያከብዳል፤ በእንጨት ጀልባ ይህ ትክክል ነው። በደንገል ጀልባ ግን የነፋሱ ጎን ማዕበል እየመታው አብዝቶ ይጠጣል፣ በራሱም ይከብዳል። ጭነት ሲጨመርበት ጀልባይቱ ወደዚያው ዘመመች። 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘች በኋላ፣ ካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በሐምሌ ወር ሰዎቿ ጥለዋት ወጡ።

በማግሥቱ ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሰዎች ያንኑ የኢትዮጵያ ደንገል ይዘው ሌላ ቅርጽ ሠሩ፤ ሁለት ወፋፍራም ነዶዎችን በመካከላቸው ባለ ቀጭን ነዶ ላይ አጥብቀው አሰሩ። «ራ 2» በ3 ሜትር ያጠረች፣ አፍንጫዋም ጅራቷም ሽቅብ የጸና ነበረች። ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀናት 6,100 ኪሎ ሜትር ተጉዛ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። ዕለቱ በእኛ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ጴጥሮስ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

በታሪኩ ውስጥ ሄየርዳል ይጠራል፤ ግብፆች፣ የቻድና የቲቲካካ ጥበበኞችም ይጠራሉ። ጣና የሚጠራው ግን የደንገል መገኛ ሆኖ ብቻ ነው። ታንኳን ለዘመናት ያቆዩት ወይጦዎች በጎረቤቶቻቸው ሲናቁ የኖሩ ናቸውና፣ እነርሱን ስለ ጅራትና ስለ ጭነት የጠየቀ ብዙ ሰው አልነበረም። አሁን የባሕር ዳር ዳርቻ መንገደኛ በሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ተሞልቷል፤ ደንገሉም እርሻና ግጦሽ እየገፋው ከሐይቁ ዳር እየሸሸ ነው።