ከአምስቱ በሮች እስከ ቀበሌ
የሐረር ዙሪያ መንደሮች መሰባሰብና መበታተን ታሪክ



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ መጽሔት አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሥርጭት ነበር። የለመድኩት እሱን ነው። ሆኖም በምሠራበት ቀበሌ ባለፈው ዓመት የገጠመኝ ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ። ሁለት ጎረቤታም መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይዋሃዱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሁለቱም አነስተኛ ካፒታል ያላቸው ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ለብቻቸው የሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር አይችሉም። እኔም የልማት ጣቢያ ሠራተኛ እንደመሆኔ የአባላቱን ብዛት፣ የመሬቱን ስፋትና የማዳበሪያ ፍላጎቱን በሠንጠረዥ አስቀምጬ፣ አዲሱን መጋዘን በካርታው መካከል ላይ ምልክት አድርጌበት ስብሰባ ላይ አቀረብኩ።

ሠንጠረዡን ጨርሼ ስቀመጥ አንድ አዛውንት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ያ ያሰመርክበት ቦታ እኮ ክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ ነው። እሱ ይቅር። ወፍጮው ግን የማን ሊሆን ነው? ስማችንስ የት ሊገባ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላ ሰውም አልመለሰላቸውም። ስብሰባው በይደር ተለያየ። ከስብሰባው በኋላ ከእኚሁ አባት ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ያወራነው ነው እንግዲህ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ። እሳቸው በዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ «ተሰባሰቡ» ተብለዋል።

ከግንቡ ውጭ ያለው ገጠር

ስለ ሐረር ሲነሣ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጀጎል ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ግንብ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡም ይታወቃል። ይሁን እንጂ ግንቡ አምስት በሮች ያስፈለጉት ለውበት አልነበረም። ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር እያንዳንዳቸው የሚከፈቱት ወደየራሳቸው ገጠር ነው። ከኤረር ሸለቆ የሚመጣ ገበሬ በአንዱ በር፣ ከደጋው የሚመጣው በሌላው ይገባል። ማሽላው፣ ቡናው፣ ጫቱና ማገዶው የሚገባው፣ ጨውና ጨርቅ የሚወጣው በእነዚሁ በሮች ነበር። በአሚሮቹ ዘመን ገጠሩን የሚያስተዳድሩና ግብር የሚሰበስቡ ገራድ የሚባሉ ሹማምንት እንደነበሩ ታሪክ ያስረዳል። በከተማው የሚኖሩ ሐረሪዎች ከግንቡ ውጭ የእርሻ መሬት ነበራቸው፤ አብዛኛውን የሚያርሱት ግን በዙሪያው የሚኖሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ነበሩ።

በጥር 1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረር በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ የመሬቱ ባለቤትነት ተለወጠ፤ ባለርስት፣ መልከኛና ጭሰኛ የሚባለው ሥርዓት ተስፋፋ። መንደሮቹ ግን በነበሩበት ቆዩ። በዚያን ጊዜ «ገንደ» የሚለው ቃል የቅርብ ዘመድና ጎረቤት የሰፈረበት፣ አንድ ምንጭ የሚጠጣ፣ በአንድ ደቦ የሚሰባሰብ ሰፈር ማለት ነበር። ዛሬም ብዙ ቦታዎች ስማቸው በዚህ ቃል ይጀምራል። አሁን ቀበሌ የምንለውን በኦሮምኛ «ገንዳ» የሚሉትም ከዚሁ የመጣ ነው። ስሙ አንድ ቢሆንም ስፋቱ አንድ አይደለም፤ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ይመስለኛል።

20 ጋሻ

የመጀመሪያው ትልቅ ማሰባሰብ የመጣው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ አይችልም ተባለ። ገበሬውም በማኅበር እንዲደራጅ ተደረገ፤ የአንድ ገበሬ ማኅበር ክልል ቢያንስ 800 ሄክታር ወይም 20 ጋሻ እንዲሆን ተወሰነ። በሐረርጌ ደጋ የአንድ ገበሬ ይዞታ በአብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች በመሆኑ 800 ሄክታር ማለት ብዙ መንደር ማለት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በሰርግና በለቅሶ፣ አንዳንዴም በግጦሽ ጠብ ብቻ የሚተዋወቁ ሰፈሮች በአንድ ሊቀመንበር፣ በአንድ ፍርድ ሸንጎና በአንድ ማኅተም ሥር ገቡ።

ለጭሰኛው ይህ ትልቅ ድል እንደነበር መካድ አይቻልም። አዛውንቱም «መሬቱ በስሜ ሆነ፤ ያን ቀን ማን ይረሳል?» ብለውኛል። በግንቡ ውስጥ ለነበሩት ባለ መሬቶች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ከበሩ ውጭ ያለው እርሻቸው በአንድ አዋጅ ሄደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲጨመርበት ለዘመናት ከተማውንና ገጠሩን ያያያዘው ገመድ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ከተማው በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ገጠሩ በገበሬ ማኅበር ሆኖ በአንድ ገበያ የሚገናኙ ሁለት ቤቶች ሆኑ።

ከሦስት እስከ አሥር የሚደርሱ ገበሬ ማኅበራት ደግሞ አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ተደረገ። ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና የሚከፋፈለው በዚህ ነበር። ብዙ ቦታ ወፍጮም የገባው በዚያን ጊዜ ነው። የአምራቾች ማኅበራት (መልባና ወልባ የሚባሉት) ግን በገበሬው ዘንድ አልተወደዱም፤ መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ አድርግ ማለታቸው ስለሆነ። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ኮታ የማስገባት ግዴታም ነበር። ዛሬ በስብሰባ ላይ «ኅብረት ሥራ» ስንል አንዳንድ ሽማግሌዎች ፊታቸውን የሚያዞሩት ለምን እንደሆነ ወጣት ባለሙያዎች ልናውቀው ይገባል። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ ይህን አልተማርኩትም።

ቤት በትከሻ

ሦስቱም ማሰባሰቦች እኩል አይደሉም። ከሁሉ የከበደው በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ ክፍለ ሀገር የተጀመረው የመንደር ምሥረታ ነው። (ይህ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ከተደረገው ሠፈራ የተለየ ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። በመንደር ምሥረታ ገበሬው ከአካባቢው አይወጣም፤ ተበታትኖ ከሚኖርበት ተነሥቶ በአንድ ቦታ በረድፍ ቤት እንዲሠራ ይደረጋል።) ከዚህ በፊት ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በባሌ ተሞክሮ ነበር። የተሰጡት ምክንያቶች ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ንጹህ ውሃና መንገድ በአንድ ቦታ ለማቅረብ ይመቻል የሚሉ ነበሩ፤ በምሥራቅ በኩል ግን የጸጥታው ጉዳይም እንደነበረበት ግልጽ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ መንደር ከ200 እስከ 300 አባወራ የሚይዝ ነበር። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ በሐረርጌ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ አዳዲስ መንደሮች ገባ። በኋላም ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር ተስፋፍቶ በመላ አገሪቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ደረሰ። በሐረርጌ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በ1978 ዓ.ም. ወደ ሶማሊያ ተሰደዋል።

አዛውንቱ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ። የቤታቸውን ጣራ ጎረቤቶች ተጋግዘው በትከሻ ተሸክመው እንደወሰዱት፣ ምሰሶውን ነቅለው ሲጭኑ ሚስታቸው ምድጃው ላይ ቁጭ ብላ አልነሣም እንዳለች ነገሩኝ። አዲሱ ቦታ ሜዳ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ነገር ግን ጫታቸው ያለው ከኮረብታው ማዶ ነው። ጫትን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ የደረሰ ጫት ያለ ጠባቂ አያድርም። ማሽላውም ከዝንጀሮና ከወፍ መጠበቅ አለበት። ፍየሎቹ ከሰው ጋር ተጨናንቀው ታመሙ፤ የቤቱ ጓሮ ፍግ አጣ፤ ድሮ ከቤቱ ተነሥቶ በየቀኑ ይጠግነው የነበረው የድንጋይ እርከንም ተረሳና ፈረሰ። ክሊኒኩ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ በእሳቸው መንደር አልመጣም። ትምህርት ቤቱ ግን ተሠርቷል፤ ልጆቻቸው የተማሩት በእሱ ነው። ይህንንም ደብቀው አላለፉትም።

በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ማኅበራት በቀናት ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬውም ምሰሶውን እየነቀለ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። አዛውንቱ ሲመለሱ ያገኙት የግራር ዛፋቸው ተቆርጦ ነው። ከሰበሰቧቸው 300 አባወራዎች የቀሩት መንገድ ዳር ያሉትና ሱቅ የከፈቱት ብቻ ናቸው። እኔ እንደሚመስለኝ መንደሩን ያፈረሰው መሰባሰቡ ራሱ አልነበረም፤ ጫቱና እርከኑ የት እንዳሉ ሳይጠየቅ መስመሩ መሰመሩ ነው። የእኔ መጋዘን በሸለቆው ላይ እንደተሰመረው ማለት ነው።

ሦስተኛው ማሰባሰብ የአሁኑ ነው። ሐረር በሽግግሩ ዘመን ክልል 13 ተብላ፣ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የሐረሪ ሕዝብ ክልል ሆነች። በስፋት ከክልሎች ሁሉ ትንሿ ስትሆን፣ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ183 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮባታል፤ ከግማሽ በላዩ ከተሜ ነው። የገጠር ቀበሌዎቹ 17 ሲሆኑ፣ በኋላ በኤረር፣ በሶፊና በድሬ ጥያራ ወረዳዎች ተጠቃለዋል። የከተማው 19 ቀበሌዎችም በስድስት ወረዳዎች ተደራጅተዋል። በዚህኛው ማንም ቤቱን አልነቀለም። የተዛወረው ማኅተሙና መዝገቡ ነው። ቢሆንም አንድ ገበሬ ለአንዲት ፊርማ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ለእሱ መንደሩ ተዛውሯል።

ጃፓኖች ያደረጉት

የመንደር ማዋሃድን ነገር ሳጠና በዚህ ሥራ ጃፓንን የሚያህል አገር እንደሌለ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1889 የነበሯቸውን 71,314 ከተሞችና መንደሮች ወደ 15,859 ዝቅ አደረጉ። መለኪያቸው ቀላል ነበር፤ አንድ መንደር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተዳደር እንዲችል ከ300 እስከ 500 አባወራ ይኑረው የሚል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መለኪያው ወደ 8,000 ነዋሪ አደገ፤ አንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ማለት ነው። በዚህም እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 ከ9,868 ወደ 3,472 ወረዱ። ለሦስተኛ ጊዜ ከ1999 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ከ3,232 ወደ 1,730 ገደማ ሆኑ። በዚህ ጊዜ ምክንያቱ ትምህርት ቤት ሳይሆን የገንዘብ እጥረትና የገጠሩ ሕዝብ ማርጀት ነበር። የገበሬዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም እንዲሁ ተዋህደው፣ በ1960 ከ12,000 ገደማ የነበሩት ዛሬ 500 ገደማ ብቻ ቀርተዋል።

የ300 አባወራ ቁጥር የእኛም መመሪያ ውስጥ መኖሩ አስገርሞኛል። ልዩነቱ እነሱ ያዋሃዱት ጽሕፈት ቤቱን ነው፤ ቤቱን አይደለም። ገበሬው በእርሻው አጠገብ ቀረ። የተዋጡት መንደሮች ስምም አልጠፋም፤ በአድራሻ ውስጥ ከትልቁ ስም ቀጥሎ ዛሬም ይጻፋል። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው የጫካው ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ መንደር ማገዶና ሣር የሚያገኝበት የጋራ ደን ነበረው። መንደሮቹ ሲዋሃዱ ደኑ ወደ ትልቁ አስተዳደር ይግባ ቢባል ብዙዎች እምቢ ስላሉ፣ ሕጉ የድሮው መንደር ነዋሪዎች ንብረታቸውን ለብቻ ይዘው እንዲቀጥሉ ፈቀደ። አስተዳደሩ አንድ፣ ደኑ ግን የየመንደሩ።

ሁሉም አልተሳካላቸውም። በመጨረሻው ዙር ጽሕፈት ቤታቸው ወደ ቅርንጫፍነት የወረደባቸው የተራራ መንደሮች ሰው እያጡ መሄዳቸው ይነገራል። ትልቅ መሆን ብቻውን ወጣት አያስቀርም።

ወደ ወፍጮው ስንመለስ

ይህን ይዤ ተመልሼ ከሁለቱ ማኅበራት ኮሚቴዎች ጋር ተወያየን። መዋሃድ አያስፈልግም የሚል ሰው አላገኘሁም። ሐረር ለረጅም ዘመን ውሃዋን ከዓለማያ ሐይቅ ስታገኝ ኖራ ሐይቁ ሲደርቅ ምን እንደደረሰ ሁሉም ያስታውሳል፤ አንድ ሰፈር ብቻውን የማይወጣው ችግር እንዳለ ለእኛ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። የኅብረት ሥራ ሕጋችንም መዋሃድ በአባላቱ ጉባዔ ውሳኔ እንጂ በሌላ እንዳይሆን ይደነግጋል።

ስለዚህ አዲስ ሐሳብ አቀረብን። ሒሳቡ፣ የማዳበሪያ ግዢው፣ የኦቾሎኒው ሽያጭና ከዩኒየኑ ጋር ያለው ውል አንድ ይሆናል። ወፍጮው ግን ያስገቡት አባላት ዕጣ ተቆጥሮ፣ ገቢው በተለየ መዝገብ ለዚያው መንደር ይሆናል። መጋዘኑ ከሸለቆው ወጥቶ ሁለቱም ወገን ክረምት ከበጋ በአህያ በሚደርሱበት አፋፍ ላይ ይሠራል። ስሙን በሚመለከት ለጊዜው ሁለቱም ስሞች በታፔላው ላይ እንዲጻፉ ተስማምተናል፤ የትኛው ይቅደም በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም።

አዛውንቱ ሐሳቡን ካዳመጡ በኋላ መዝገቡን ማን ይይዘዋል ብለው ጠየቁ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰችው የልጅ ልጃቸው ተጠቁማለች። ጉባዔው የሚጠራው ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ነው።